«ጾሜ ፈርሷል ወይ?»

ረመዳን ሲገባ ወደ እኛ ወደ ኢማሞች የሚመጣው ጥያቄ ይበዛል። ወጥ ስቀምስ ወደ ጉሮሮዬ አለፈ፤ መርፌ ተወጋሁ፤ ረስቼ ውሃ ጠጣሁ፤ ሲዋክ መጠቀም ይቻላል ወይ? አብዛኛው መልሱ በኪታቦቹ የተቀመጠ ስለሆነ አያስቸግረንም። ከዙሁር ሶላት በኋላ ግድግዳ ተደግፈን እንቀመጣለን፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው እየተተካ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ያህል ሰው እናስተናግዳለን። እንዲህ ከሰጠናቸው መልሶች ውስጥ አንዱ ግን እስከ ዛሬ ከአእምሯችን አልወጣም። መልሱ በፊቅህ (በእስልምና ሕግ) ትክክል ነበር። ሰውየውን ግን ሊገድለው ነበር።

ዘመኑ 2008 ዓ.ም. ነው። ድርቁ አገሩን የጎዳበት፣ ረመዳን ከሞላ ጎደል ሰኔ ላይ የዋለበት ዓመት። ያኔ የምናሰግደው በወሎ ቆላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ቦኖው ሲደርቅ ሕዝቡ በወንዙ ዳር ከተቆፈረ ጉድጓድ ይቀዳል። ውሃው ለዓይን የጠራ ነው፤ የመስጂዳችንም በርሜል የሚሞላው ከዚያው ነበር።

በገበያው ጭነት የሚያወርድ፣ አርባ ዓመት ያለፈው አንድ ወንድማችን ከዙሁር በኋላ መጥቶ ፊታችን ተቀመጠ። «ሸኼ፣ ከፈጅር ጀምሮ ያስመልሰኛል። ጾሜ ፈርሷል ወይ?» አለን። ጥያቄው ቀላል ነው። ሆን ብሎ ያስመለሰ ሰው ጾሙ ይፈርስበታል፤ ሳይፈልግ ያመለጠው ግን አይፈርስበትም። ይህን የተማርነው ገና በደረሳነታችን ነው። «ያለ ፈቃድህ ከሆነ ጾምህ ደህና ነው፤ አይዞህ፣ አላህ ይቀበልህ» አልነው። ደስ ብሎት ተነሳ። ሲነሳ ግድግዳውን መያዙን አይተናል። የጾም ድካም ነው ብለን አለፍነው።

ከአስር ሶላት በኋላ ልጁ እየሮጠ መጣ። አባቱን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱት ደረስንባቸው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ሌላ ሰው ሆኗል። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ ድምፁ ሟሙቷል፣ የጣቶቹ ቆዳ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ሰው ተጨማዷል። ነርሷ የክንዱን ደም ሥር ለማግኘት ተቸግራ ሁለቴ ሦስቴ ሞከረች። ፈሳሹን ከተከለችለት በኋላ ወደ እኛ ዞረች። «ሸኼ፣ ወደ እርስዎ መጥቶ ነበር አሉ። ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው ጠይቀውታል?»

አልጠየቅነውም ነበር። እሱ ስለ ትውከቱ ጠየቀን፣ እኛም ስለ ትውከቱ መለስንለት። ስለ ተቅማጡ አፍሮ ዝም አለ፤ እኛም ስለ ጾሙ እንጂ ስለ ሰውየው አላሰብንም። ከሌሊት ጀምሮ ከአሥር ጊዜ በላይ ወጥቷል። ያን ሁሉ ውሃ ከሰውነቱ አፍስሶ አንድ ጠብታ ሳይተካ፣ «ጾምህ ደህና ነው» የሚለውን ቃላችንን ይዞ እስከ መግሪብ ሊቆይ ነበር።

አዛን ሲል ዓይኑን ገልጦ ነበር። ነርሷ ከአንድ ጆግ ቀድታ ትንሽ ትንሽ እያለች አጠጣችው። እኛም ተምር ስላልያዝን በዚያው ጆግ ውስጥ ባለው አፈጠርን። ጣዕሙ እንባ እንባ ይላል።

ከዚያ ቀን በኋላ ሐኪሞችን ጠየቅን፣ የተተረጎመውንም አነበብን። ዕድሜያችንን በኪታብ ላይ ለፈጀን ለእኛ ትምህርቱ አዲስ ነበር። ያ ሰው እንዲያ የደረቀው ለምን እንደሆነ ካልገባን ለሚቀጥለውም ጠያቂ ያንኑ መልስ መስጠታችን ነው፤ ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

በአገራችን ለዓመታት «አተት»፣ ማለትም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ሲባል በሰማነው ስም ውስጥ ዋነኛው ኮሌራ ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ ወደ ሰው የሚገባው በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና ምግብ ነው። ብዙዎቻችን ተሕዋሲው አንጀታችንን የሚበላው፣ የሚያቆስለው ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። በኮሌራ የሞተ ሰው አንጀት ሲመረመር ግድግዳው አልተቦረቦረም፣ አልቆሰለም። ባክቴሪያው በአንጀት ሽፋን ላይ ተለጥፎ ይቀመጥና መርዝ ይረጫል። ጉዳቱን የሚያደርሰው ያ መርዝ ነው።

ይህን ለማወቅ ዓለም ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ በሽታውን ተከትሎ መጀመሪያ ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ሕንድ ካልካታ ሄዶ ባክቴሪያውን ለየ፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ይህ ተሕዋሲ አንድ ልዩ መርዝ ሳያመነጭ አይቀርም ብሎ ገመተ። ግምቱን በማስረጃ ያረጋገጠው ግን ከ75 ዓመት በኋላ እዚያው ካልካታ የሚሠራ ሳምቡ ናት ዴ የተባለ ሕንዳዊ ሐኪም ነው። የጥንቸል አንጀት ቁራጭ ከሁለት በኩል በክር አሰረና ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ አጣርቶ፣ አንድም ሕያው ተሕዋሲ ሳይኖርበት፣ በታሰረው አንጀት ውስጥ ጨመረው። አንጀቱ ውሃ ሞልቶ ተነፋ። ባክቴሪያው በሌለበት በሽታው መጣ ማለት ነው። ይህንን በ1959 በታተመ ጽሑፍ አሳወቀ። ዶክተር ዴ ለዚህ ሥራው ትልቅ ሽልማት ሳይሰጠው በ1985 አረፈ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ሕሙማንን የሚያተርፈው ሕክምና ትርጉሙ የተገለጠው በዚህ ሰው ሙከራ ነው ብንል አላጋነንንም።

መርዙ እንዴት ይሠራል? አሠራሩ ይደንቃል። በየቀኑ ወደ ትንሹ አንጀታችን ከ8 እስከ 9 ሊትር የሚሆን ፈሳሽ ይገባል። የምንጠጣው ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ምራቅ፣ የጨጓራ ፈሳሽ፣ ሐሞትና የመሳሰለው ሰውነት ራሱ የሚያፈሰው ነው። አንጀት ይህን ሁሉ መልሶ ወደ ደም ይመጥጠውና በዓይነ ምድር የሚወጣው ከአንድ ብርጭቆ አይበልጥም። የሚያፈሰውና የሚመልሰው እንዲህ ተመዝኖ መኖሩን ላሰበ ሰው ሱብሐነላህ ከማለት ሌላ ቃል የለውም።

መርዙ የሚያበላሸው ይህን ሚዛን ነው። መርዙ ስድስት ክፍሎች አሉት። አምስቱ ቀለበት ሠርተው የአንጀቱን ሕዋስ ግድግዳ እንደ ጣት ቆንጥጠው ይይዛሉ፤ ስድስተኛው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በሕዋሱ ውስጥ እንደ ማብሪያና ማጥፊያ የሚያገለግል አካል አለ፤ ፈሳሽ ሲያስፈልግ ይበራል፣ ሲበቃ ይጠፋል። መርዙ ይህን ማብሪያ አብርቶ ይቆልፈዋል። ከዚያ ወዲያ ሕዋሱ ጨውን ወደ አንጀት ያፈሳል፣ ውሃ ደግሞ ጨው በሄደበት ይከተላል። ሕመሙ ሲበረታ አንድ አዋቂ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም ሁሉ አምስት ሊትር ገደማ መሆኑን እዚህ ላይ ማሰብ ይገባል። የሩዝ እጣቢ የሚመስል ውሃ ሆኖ የሚወርደው የሰውየው የገዛ ውሃና ጨው ነው። ወንድማችን እኛ ዘንድ ሲመጣ በዚህ ስሌት መካከል ላይ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። መርዙ አንዴ ከገባ በኋላ ባክቴሪያውን በመድኃኒት መግደል ብቻውን አይበቃም። መድኃኒቱ ሕመሙን ያሳጥራል እንጂ የተቆለፈውን ማብሪያ አይከፍትም። የአንጀት ሽፋን ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን ያድሳል፤ በመርዝ የተያዘው ሕዋስ ረግፎ አዲስ ይተካል። እንግዲህ ታማሚው እስከዚያ ድረስ ውሃው ከተተካለት ይድናል፤ ካልተተካለት በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

ውሃውን እንዴት እንተካው? ባዶ ውሃ ብናጠጣው አንጀቱ አይዝም፣ ይወርዳል። ደግነቱ መርዙ የማይነካው አንድ በር አለ። በአንጀት ሕዋስ ላይ ጨውና ግሉኮስ፣ ማለትም ስኳር፣ ተያይዘው ብቻ የሚገቡበት በር ነው። ጨው ብቻውን ቢመጣ አይከፈትለትም፣ ስኳርም ብቻውን እንደዚሁ። ሁለቱ ተያይዘው ሲመጡ ይከፈታል፣ ውሃም ይከተላቸዋል። አንዱ በር ውሃ ሲያፈስ ሌላው ያስገባል። የነርሷ ጆግ ምስጢር ይህ ነበር።

ይህ ዘዴ በጦርነት ተፈትኖ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 ዛሬ ባንግላዴሽ ከምትባለው አገር በጦርነት የተሰደዱ ሰዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሆነው ወደ ሕንድ ገቡ፤ ኮሌራም ተነሳባቸው። በድንበር ላይ ባለችው ቦንጋዎን ከተማ የነበረው ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀበት። ሕሙማን ወለል ላይ ተኝተዋል። ጨውና ግሉኮስ በውሃ አስበጥብጦ፣ እናቶችና ዘመዶች በብርጭቆ እንዲያጠጡ አደረገ። ከመቶው ሰላሳ ያህሉ ይሞቱ በነበረበት ቦታ እሱ ባከማቸው ዘንድ የሞቱት ከመቶ አራት አልሞሉም። ያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች ሕክምናው በባለሙያ እጅ ካልሆነ አይሆንም ይሉ ነበር። እሱ ግን ብርጭቆውን ለእናቶች ሰጠ።

ዛሬ ይኸው ነገር በከረጢት ታሽጎ በየጤና ኬላው ይገኛል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ አር ኤስ የምንለው ነው። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀውን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሙሉውን መበጥበጥ ነው፤ ከፍሎ ግማሹን ለነገ ማስቀመጥ የለም፣ የተበጠበጠውም ከአንድ ቀን በላይ አያድርም። ከረጢቱ ከሌለ፣ ተፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ልሙጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ልሙጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መጨመር ይቻላል። ልሙጥ ስንል ማንኪያው ላይ ያልተከመረ ማለታችን ነው። ጨው ከበዛ ይጎዳልና፣ በተለይ ሕፃናትን፣ ከመስጠት በፊት መቅመስ ይገባል፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ተደፍቶ እንደገና ይሠራ። ታማሚው ቢያስመልስም አሥር ደቂቃ ታግሶ በማንኪያ ትንሽ ትንሽ እያሉ መቀጠል ነው። ለሕፃን የጡት ወተት አይቋረጥም። ጤና ጣቢያ ከደረሱ ደግሞ ለልጆች ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጥ ዚንክ የሚባል እንክብል አለ፤ ተቅማጡ ቆመ ተብሎ መሃል ላይ አይተውም።

አንዳንድ እናቶቻችን ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውሃ ሲጠጣ ይብስበታል ብለው ይከለክሉታል። ልጁ ሲጠጣ ሲያስቀምጠው ስለሚያዩ ነው፤ አንፈርድባቸውም። የሚያስቀምጠው ግን መርዙ ነው፤ ጠጣም አልጠጣም ይወርዳል። ልዩነቱ የሚወርደውን የሚተካ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ፤ ይህ የእኛው የኢማሞች ጉዳይ ነውና። በሻፊዒ መዝሀብ ኪታቦች እንደተማርነው፣ ብዙ የሆነ ውሃ ነጃሳ ቢገባበት ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው እስካልተለወጠ ድረስ ጦሃራ (ንጹሕ) ነው፤ ውዱእ ይደረግበታል። ድንጋጌው ለዒባዳ የተቀመጠ ነው፣ ለዒባዳም የጸና ነው። ሕዝባችን ግን ከዚህ ተነስቶ «ሸኾቹ ንጹሕ ነው ያሉት ውሃ» ብሎ ይጠጣዋል። እኛም ዝም ብለን አይተናል። የኮሌራ ባክቴሪያ ከሦስቱ አንዱንም አይለውጥም። ቀለም የለው፣ ጣዕም የለው፣ ሽታ የለው። ለውዱእ የበቃ ውሃ ሁሉ ለጉሮሮ የበቃ አይደለም፤ ሁለቱ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትን መከልከላቸውን፣ በውሃ መቅጃ፣ በመንገድና ሰው በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን አጥብቀው ማስጠንቀቃቸውን፣ ማታ የውሃና የምግብ ዕቃ እንዲከደን ማዘዛቸውን ሁላችንም በመድረሳ ተምረናል። በመስጂድ ግን ስለዚህ ስንት ኹጥባ አድርገናል? ስለ መሽናቱ ሲነሳ ጀመዓው ይስቃል፣ እኛም አሳጥረን እናልፋለን።

የሐጅ ታሪክም ይህን ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1865 በመካ በሐጅ ጊዜ ኮሌራ ተነስቶ፣ በወቅቱ እንደተገመተው፣ ከ90 ሺህ ያህል ሐጃጆች 15 ሺህ የሚሆኑት ሞቱ። የተረፉት በእንፋሎት መርከብ ወደየአገራቸው ሲመለሱ በሽታው ግብፅንና አውሮፓን አዳረሰ፤ በማግስቱ ዓመት መንግሥታት በኢስታንቡል ጉባኤ የተቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ በሲና የባሕር ዳርቻ ባለችው አል-ጡር ሐጃጆች ተለይተው የሚቆዩበት የኳራንቲን ጣቢያ ተሠራ። በ1905 ከመካ ሲመለሱ እዚያ ከሞቱ ሐጃጆች አስከሬን አንድ ሐኪም የለየው የኮሌራ ዓይነት እስከ ዛሬ በዚያች ቦታ ስም «ኤል ቶር» ይባላል። በ1961 ከኢንዶኔዥያ ተነስቶ በ1970 አፍሪካ የደረሰው፣ እስካሁንም ያልቆመው ወረርሽኝ የዚሁ ዓይነት ነው። በእኛም አገር በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ተነስቶ ወደ ብዙ አካባቢዎች የተዛመተውን ኮሌራ የምናስታውሰው ነው። እንደ ሐጁ ሁሉ ብዙ ሰው በአንድ ውሃ በሚገለገልበት ቦታ፣ መስጂዳችንም ይሁን የኢፍጣር ሰደቃችን፣ ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

ኢፍጣርን ካነሳን፣ ሌላ ዓይነት መርዝ አለ። የኮሌራው መርዝ የሚሠራው በሆዳችን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ውሃውን ብናፈላው ባክቴሪያው ይሞትና መርዙም አይኖርም። በየጊዜው ልጆቻችንን የሚያስቀምጣቸው ኢ ኮላይ የሚባለው ተሕዋሲ አንዱ ዓይነትም የኮሌራውን የሚመስል መርዝ እዚያው ሆድ ውስጥ ይሠራል። ይህኛው ግን ገና ድስት ውስጥ ሳለ ተሠርቶ የሚጠብቀን ነው። ስታፊሎኮከስ የሚባል ተሕዋሲ በጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ ይኖራል፤ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ይሸከመዋል። የሳንቡሳው ሥጋ በእጅ ሲታሸግ፣ በተለይ ጣት ላይ ቁስል ካለ፣ ወደ ምግቡ ይገባል። ምግቡ ሙቀት ላይ ሰዓታት ከቆየ ተራብቶ መርዝ ያመነጫል። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ደግሞ ዘሩ ሩዝ ሲቀቀል አይሞትም፤ ሩዙ ተቀቅሎ በድስቱ ሲያድር ይበቅላል፣ መርዙንም ይተዋል።

ክፋቱ የሁለቱም መርዝ እሳት አለመፍራቱ ነው። ምግቡን መልሰን ብናፈላው ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ግን ይቀራል። የበላው ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማስመለስ ይጀምራል፤ አንዳንዱን ተቅማጥም ይከተለዋል።

እንግዲህ የረመዳንን ሰዓት እንቁጠር። ሳንቡሳው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይታሸጋል፣ መግሪብ ላይ ይበላል። ሩዙ በአሥር ሰዓት ይወጣል፣ የተረፈው ተከድኖ ለሱሁር ያድራል፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተሙቆ ይቀርባል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማለት ነው፤ ያውም በቆላ። ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም ይላሉ ባለሙያዎቹ። ያን የበላ ሰው ፈጅር ከሰገደ በኋላ ማስመለስ ሲጀምረው ቀኑን ሙሉ የሚተካው ውሃ የለም። ወደ እኛም ይመጣና «ጾሜ ፈርሷል ወይ?» ይለናል።

ይህን ለጀመዓችን ስንናገር አንዲት እናታችን ተቆጡን። «ሸኼ፣ የአላህ ሲሳይ እንዴት ይደፋል? እኔ በደንብ አሙቄ ነው የምሰጣቸው» አሉን። «እማዬ፣ ማሞቁ አይበቃም» ብለን ስለ መርዙ ነገርናቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው አሳንሼ መሥራት ነዋ! ወይ ትኩሱን ሳለ ለጎረቤት» አሉ። ከእኛ የተሻለ ፈትዋ ሰጡ። አሁን በመስጂዳችን ለኢፍጣር ሰደቃ የሚመጣው ምግብ ከአስር ሶላት በኋላ የተሠራ እንዲሆን እናሳስባለን፤ የተረፈው ዒሻ ሳይደርስ ይከፋፈላል። እጅ የቆሰለ ሰው ሥጋውን አይነካም፤ ሌላ ሥራ አይጠፋም።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥን በአጭሩ እናንሳ። እሱ ሌላ ነው፤ አንዳንዱ ተሕዋሲ አንጀቱን ራሱን ያቆስላል፣ መርዙም እስከ ኩላሊት ሊደርስ ይችላል። ደም ያየ ሰው ማቆሚያ ክኒን ከሱቅ ገዝቶ ከመዋጥ ይልቅ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ስለ ጾሙ ድንጋጌው ግልጽ ነው። በሱረቱል በቀራ፣ ጾምን ባዘዙት አንቀጾች ላይ፣ ለታመመና ለመንገደኛ ማፍጠር ተፈቅዷል፤ ያፈጠሯቸውን ቀናት በሌላ ጊዜ ያወጣሉ። ዑለሞች ደግሞ ሕይወቱ ወይም አካሉ ይጎዳል ተብሎ የሚፈራለት ሰው ማፍጠር ግዴታው ነው ይላሉ። በተደጋጋሚ ውሃ ውሃ የሚያስቀምጠው፣ አፉ የደረቀ፣ ሽንቱ የቆመ፣ ሲነሳ የሚያዞረው ሰው ከዚህ ውስጥ ነው። መግሪብ ሊደርስ ሩብ ሰዓት ቢቀረው እንኳ አይጠብቅ። «ትንሽ ነው የቀረኝ» የሚሉ ወንድሞችን እናውቃለን፤ የልባቸውን ንጽሕና አንጠራጠርም፤ አንጀታቸው ግን ሰዓት አይቆጥርም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከሆነች ደግሞ ፈጥና ትጠጣ።

ዛሬ አንድ ሰው መጥቶ ስለ ትውከት ሲጠይቀን መልሱን አናስቀድምም። ስንት ጊዜ አስቀመጠህ? ከመቼ ጀምሮ? ሽንትህ መቼ መጣ? ምን በላህ፣ ከየት ቀዳህ? እንላለን። የሚያፍር ካለ ከሰው ለይተን እንጠይቀዋለን። ከቁርኣን መደርደሪያው ጎን አንድ ካርቶን ኦ አር ኤስ አለን፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምንቀበለው ነው። አስፈላጊ ከሆነ እዚያው መስጂድ ውስጥ በጥብጠን እናጠጣለን፤ የሚያይ ሰው እንዳያፍርበትም አጠገቡ እንቀመጣለን።

የዚያ ዓመቱ ወንድማችን አራት ቀን አፍጥሮ፣ የቀረውን ጾሞ ዒድን ከእኛ ጋር ሰገደ። የመስጂዱ በርሜል ታጥቦ፣ ውሃ አጋርን የመሰለ የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ይጨመርበት ጀመር። አንድ ሽማግሌ «ሸኼ፣ ሽታው ተለውጧልኮ፤ ውዱእ ይሆናል ወይ?» ብለው ጠየቁን። ውሃውን የሚያበላሸው የነጃሳ ለውጥ ነው፤ ጥቂት ክሎሪን የውሃነት ስሙን አያስለቅቀውም፤ ይሆናል አልናቸው። ይህን ጥያቄ በመጠየቃቸው ግን ደስ ብሎናል።

አየሩ በሚቀዘቅዝበት በኅዳር ወር ያ ወንድማችን መጣ። «ሸኼ፣ የአራተኛዋ ቀን ቀዷዬ ነገ ናት፤ እኛ ዘንድ ያፍጥሩ» አለን። በማግስቱ ሄድን። ባለቤቱ ትኩስ ሾርባና ተምር አቀረበች፤ ልጁ ክዳን ካለው ጀሪካን ውሃ ቀዳልን። ስንቀምሰው ክሎሪን ክሎሪን አለን። ልጁ ፊታችንን አየና «ለመድነው እኮ፣ ሸኼ» አለ።